ካርዳሞም ወይስ ካርዳሞን? የኮረሪማ ስቲከር ላይ አንዲት ፊደል ስቼ 500 አሳተምኩ

ቅመም_ከጎንደር

እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ቅመም መሸጥ የጀመረችው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእሷ እየወሰድኩ፣ ለቅሜ አጽድቼ በትንንሽ ብልቃጥ አሽጋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ላሉ ሱቆች አስረክባለሁ። ፋሲል ግቢን ሊያይ የመጣ እንግዳ ይገዛል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰውም ይገዛል። ስለዚህ ስቲከሩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እጽፋለሁ።

ኮረሪማው ላይ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን ካርዳሞን» ብዬ አሳተምኩ። መጨረሻው ላይ «ኤን» ነው ያደረግሁት። 500 ስቲከር ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ እንግዳ ብልቃጡን አንሥቶ አገላብጦ አየና «ይሄ ቃል በኤም ነው የሚያልቀው» አለ፤ በትሕትና ነው የተናገረው። ባለ ሱቁ ደውሎ ነገረኝ። ክው ነው ያልኩት።

ማተሚያ ቤቱ የላክሁለትን ነው ያተመው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። በኤን የጻፈውም ብዙ ነው። ሱቆች ጽፈውታል፣ የምግብ አሠራር የሚያሳዩ ሰዎችም ጽፈውታል።

ልኩ የትኛው ነው? ስህተት ከሆነስ ስቲከሮቹን ልጣላቸው?

የአዘዞ_ልጅ

እህቴ፣ ለፍየል ሕመም በሬ አትረጂ። እኛ ራሳችን ዓሣን «አሳ»፣ ፀሐይን «ጸሃይ» እያልን እንጽፋለን፤ የተጎዳ ሰው የለም። ኮረሪማ የሚገዛ ሰው አሽትቶ ነው የሚገዛው። ያሳተምሽውን ጨርሺው፣ ቀጣዩን አስተካክለሽ አሳትሚ። 500 ስቲከር እኮ ብር ነው።

መምህር_ዘማራኪ

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ እንዳረምኳት አልነግርሽም።

ልኩ ካርዳሞም ነው፣ በኤም የሚያልቀው። በኤን የሚጽፈው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ አንዳንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «እንዲህም ይጻፋል» ብለው አስገብተውታል። በሩሲያኛ ደግሞ ቃሉ ራሱ በኤን ነው የሚያልቀው፤ እዚያ ስህተት አይባልም። እንግሊዝኛ ግን በኤም ነው የለመደው። እንግዳው ዓይን ውስጥ የገባችውም ለዚህ ነው።

ለምን ይሳሳታሉ? አንዱ ምክንያት ቀረፋ ይመስለኛል። ቀረፋ በእንግሊዝኛ ሲናሞን ነው፣ በኤን ያልቃል። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ ሌላውን ይስበዋል። ሁለተኛ፣ እስቲ አፍሽን አዳምጪው። «ሞም» ስትዪ ከንፈርሽ ሁለት ጊዜ ይገጥማል። አፍ ይሰለቻል፤ ሁለተኛውን «ን» ብሎ ይገላገላል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የጥንት ግሪኮች ሁለት ቃል ነበራቸው። አንዱ ካርዳሞን ነው፣ ሌላው ካርዳሞሞን። ካርዳሞን ምን መሰለሽ? ፌጦ! እናቶቻችን ሆድ ሲቆርጠን በሎሚ የሚያጠጡን ፌጦ። አሞሞን ደግሞ ሽታው የሚወደድ ሌላ የቅመም ተክል ስም ነበር። ሁለቱ ቃላት ተጋጠሙና ካርዳሞሞን ተባለ። እንግሊዝኛው ቃሉን በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ሲወርሰው ጭራውን ጣለው፤ የቀረው ካርዳሞም ነው። እንግዲህ ያቺ የመጨረሻዋ ኤም የመጣችው ከአሞሞን ነው። እሷን ካነሣሻት ቅመሙ ይሄድና ፌጦው ይቀርሻል።

ቅመም_ከጎንደር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ፌጦና ኮረሪማ ከፊቷ በሁለት ቁና ተቀምጠው ነበር። ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ታዲያ ፌጦ ብለሽ ነው የሸጥሽላቸው?» አለችኝ። እሷ በሕይወቷ አንድ ፍሬ ለሌላ አሳልፋ ሸጣ አታውቅም። ነገሩ ከፊደል በላይ ሆኖ የታየኝ ያኔ ነው።

ስቶክሆልም_የጎንደሯ

እኔ ደግሞ ከዚህ በኩል ልናገር፤ ኤሟ ብትስተካከልም ሌላ ችግር አለና።

እዚህ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ ቅቤ ላነጥር ተነሣሁ። ኮረሪማ የለኝም። ስልኬ ላይ ፈለግሁ፣ «ካርዳሞም» አለኝ። ሱቅ ሄድኩ፣ ሞልቷል። ስዊድኖች «ካርደሙማ» ይሉታል፣ ዳቧቸው ውስጥ ይከቱታል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ፣ ወቀጥኩ፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር ቅቤው ውስጥ ጨመርኩ። ቤቱ በሙሉ የዳቦ ቤት ሽታ ሸተተ። ዶሮው ቀረበ፤ ባለቤቴ አንድ ጎረሰና «ምን ጨምረሽበት ነው?» አለ። የዓመት በዓል ዶሮ ነበር። አለቀስኩ።

የገዛሁት ለካ ሄል ነበር። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ ትንሹ አረንጓዴው። ለሻይ እወደዋለሁ፤ ለወጥ ግን ኮረሪማን አይተካም። ስለዚህ እባክሽ እህቴ፣ «ካርዳሞም» ብለሽ ብቻ አትተዪው። የራሱን ስም በትልቁ ጻፊ። እኛ ውጭ ያለነው የምንፈልገው ኮረሪማ የሚለውን ቃል ነው።

ከወለቃ_የሄድኩ

ሰላም ለሁላችሁም። እኛ እስራኤል ያለነው በዚህ አንቸገርም። በዕብራይስጥም ሄል «ሄል» ነው የሚባለው፤ በእኛም፣ በዐረብኛም እንደዚያው ነው። ሰፈራችን ያለው የሐበሻ ሱቅ ኮረሪማን «ኮረሪማ» ብሎ ይሸጣል። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ተሳስታ ገዝታም አታውቅም። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ያለችው ልክ ነው።

ዕፀዋት_አጥኚ

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው፤ እርድም እዚያው ነው። ሄል በሳይንሳዊ ስሙ «ኤሌታሪያ ካርዳሞመም» ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ ህንድ ነው፤ እዚያ በስሙ የተጠሩ ኮረብታዎች አሉ። ዛሬ በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ጓቴማላ ናት። የእኛው ኮረሪማ ደግሞ «አፍራሞመም ኮሮሪማ» ነው። «አፍራሞመም» ማለት አፍሪካና አሞመም ተጋጥመው ነው። መምህር የነገሩን አሞሞን እዚህም መጣ ማለት ነው።

ጣዕማቸው ለምን ተለያየ ለሚል፦ ሲኒዮል የሚባለው፣ አፍንጫን ከፈት የሚያደርገው ነገር ሁለቱም ውስጥ አለ። ሄል ላይ ግን ተርፒኒል አሲቴት የሚባል ሌላ ነገር በብዛት ይገኛል። የዳቦ ቤት ሽታ ያልሽው በአብዛኛው ከዚያ ይመስለኛል። ኮረሪማ ለስለስ ይላል።

ስለ ፊደል ካነሣን፣ ሊቃውንቱም በኮረሪማ ተቸግረው ነበር። ፔሬራ የሚባለው እንግሊዛዊ በ«ኬ» ጻፈው። ብራውን የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1848 በ«ሲ» ጻፈው፣ መሐሉ ላይ «አር» ደርቦ። አሁን የሚሠራበትን ስም ያንሰን የሚባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ የብራውንን አጻጻፍ ተከተለ። ስለዚህ ሳይንሳዊ ስሙን ስትጽፊ በ«ሲ» ነው፣ ሁለት «አር» ተከታትለው ከዚያ አንድ ለብቻው። እባክሽ ይችን ደግሞ እንዳትስቻት።

ቅመም_ከጎንደር

ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ተመስገን።

የገበያው_ሰው

እኔ የምናገረው ሌላ ነው። የሳተችው ፊደል አንዲት ናት፣ ተስተካከለች እንበል። ስቲከሩ ላይ «የጎንደር ኮረሪማ» ይላል ወይ? ሱቅ ውስጥ ያየሁት መሰለኝ። ከሆነ እሱን አውጪው።

ኮረሪማ ከየት እንደሚመጣ እናትሽ ታውቃለች። ከከፋ ነው፣ ከጅማ በኩል ነው፣ ከጂንካ ነው። ጫካ ጥላ ሥር፣ እርጥበት ያለበት የሚበቅል ነገር ነው። ጣና ዳር የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ገበያችንን የሚሞላው ግን የደቡብ ምዕራቡ ነው። ጎንደር ገበያዋ ናት። ይሄም ራሱ ትልቅ ክብር ነው። ድሮ ሲራራ ነጋዴ ከከፋ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ባሶ ገበያ አድርጎ ነው ጎንደር የሚገባው። ከዚህ ደግሞ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። «ከጎንደር ገበያ» በዪ፣ ልክ ነው። «የጎንደር» ካልሽ የገበሬውን ስም ወሰድሽበት።

ደግሞ ስለ ዕቃው። በክር የተሰካውን ነው ወይስ ልቅሙን የምታሽጊው? እንደ መቁጠሪያ ተበስቶ በክር የሚመጣው ያምራል፤ ግን ቀዳዳው እርጥበት ያስገባል። እኔ በብልቃጥ ለሚታሸግ ያልተበሳውን ነው የምመርጠው።

ቅመም_ከጎንደር

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። «የጎንደር» ይላል። ይህን እንግዳው አላየውም፤ እርስዎ አዩት። ከኤኗ ይልቅ ይሄ አሳፈረኝ።

ዕቃውን እናቴ ናት የምትመርጠው። ትላንት እንደገና አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ፍሬውን ታነሣና ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች። ከተንሿሿ ወደ ጎን ትለየዋለች፣ «ይሄ ከርሟል» ትላለች። ዝም ካለ በጥፍሯ ከአንገቱ ሥር ትሰነጥቀዋለች። ውስጡ ሦስት ክፍል ነው። ዘሮቹ በስስ ነጭ ልባስ ተያይዘው እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ተቃቅፈዋል። አንዷን ነቅላ በፊት ጥርሷ ትነክሳታለች። ልጆቿን በዚህ አሳድጋለች። ይህን ሁሉ አድርጋ የመረጠችውን ፍሬ እኔ በተሳሳተ ስም አሸግሁት።

ኦንላይን_ሻጭ

የመምህርን ትምህርት አከብራለሁ፤ ግን ከሽያጭ በኩል አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ የምትሸጪ ከሆነ የተሳሳተውንም ቃል ጣል አድርጊው። ስቲከሩ ላይ አይደለም። የዕቃው መግለጫ ውስጥ፣ ከታች፣ «በእነዚህ ስሞችም ይፈለጋል» ብለሽ። ሰው በኤን ጽፎ ይፈልጋል። የፍለጋ ገጾቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያርሙለታል፤ የትንንሽ ሱቆች ገጽ ግን አያርምም። በኤን የፈለገ ሰው ባዶ ገጽ ያይና ይሄዳል። ኮረሪማንም በእንግሊዝኛ ፊደል ሰው በአራትና በአምስት ዓይነት ይጽፈዋል። ሁሉንም ከታች ደርድሪ።

መምህር_ዘማራኪ

በዚህ አልስማማም። ስህተትን ባባዛነው ቁጥር ይጸናል። መዝገበ ቃላት ውስጥ የገባው እኮ በዚሁ መንገድ ነው።

ኦንላይን_ሻጭ

መምህር፣ ይቅርታዎን፤ ደንበኛ ግን ተማሪ አይደለም። መጀመሪያ ይምጣ። ከመጣ በኋላ ልኩን በትልቁ ያየዋል። ስህተቱን ይዞ መጥቶ ልኩን ይዞ ይሄዳል። ይሄም ማስተማር ነው።

መምህር_ዘማራኪ

መጨረሻ ላይ ያልኸው ረታኝ። ከታች ይሁን። በትንሹ ይሁን።

እግረ መንገዴን ግን፣ አጻጻፍ ሆን ተብሎም እንደሚለወጥ ልንገራችሁ። ኑጋችን በእንግሊዝኛ ስሙ ከኒጀር ወንዝና አገር ጋር በአንድ ፊደል ነው የሚጻፈው። አሜሪካኖች የወፍ ቀለብ አድርገው ይገዙታል፤ ቢጫዋ ፊንች የምትባለው ወፍ ትወደዋለች። ስሙ ግን በአነባበብ ስህተት የጥቁር ሕዝብ ስድብ ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የወፍ ቀለብ ነጋዴዎቹ ማኅበር ፊደሉን ለውጦ «ናይጀር» ተብሎ እንዲነበብ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 የንግድ ስም አድርጎ አስመዘገበው። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ የኮሸሽላ ዘር ነው እያለ ይሸጠዋል፣ ኮሸሽላ ሳይሆን። ከእኛ ገበሬ እጅ የሚወጣ ኑግ እዚያ ሲደርስ «ኑግ» ብሎ የሚጠራው የለም። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ስማችንን ይዘን ብንወጣ ኖሮ ፊደል ማረም ባላስፈለገ ነበር።

ስቶክሆልም_የጎንደሯ

ኑግ! ለካ እዚህም ጓሮ ውስጥ ለወፍ የሚሰቅሉት እሱ ነው። የኑግ ጭብጦ... አይ፣ ይቅር። አገሬ ትዝ አለኝ።

የአዘዞ_ልጅ

መጀመሪያ ቀለል አድርጌ ተናግሬ ነበር፤ አሁን ሁሉንም አነበብኩት። «አሳ» ብዬ ብጽፍ የሚያነበው ሰው ዓሣውን ያውቀዋል፤ ያንን አስቤ ነው የተናገርኩት። ይሄ ብልቃጥ ግን የሚሄደው ዕቃውን አይቶት ወደማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ያለው ስሙ ብቻ ነው። ስለ ዶሮው ሳነብ ገባኝ። ስቲከሮቹን እንዴት ታደርጊያቸዋለሽ ታዲያ? የእንግሊዝኛው ትንሽ ፊደል ከሆነ እኮ «ኤን» ላይ አንድ እግር ብትጨምሪበት «ኤም» ይሆናል። በቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ።

ቅመም_ከጎንደር

ወንድሜ፣ ሞከርኩት። በትንሹ ፊደል ነው የታተመው፣ እንዳልከው። ማታ 20 ስቲከር ላይ አንድ አንድ እግር ጨመርኩ። ከሩቅ ሲያዩት ይሸውዳል። ቀረብ ሲሉ ግን የታተመው ያብረቀርቃል፣ የእኔዋ እግር ደባዛ ናት። ደግሞም ከስቲከሩ ጠርዝ ጋር ተጣበቀች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና «የተጣፈ ነው» አለች። የተጣፈ ልብስ ለሰው አይሰጥም፤ ለቤት ይሆናል። ስቲከሮቹን ለቤት አደረግኋቸው። ጀርባቸው ባዶ ስለሆነ ቆርጬ የከረጢት ቀን እየጻፍኩባቸው ነው፤ መቼ እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ።

ሱቆቹ ጋ የነበሩትን ብልቃጦች ዛሬ ጠዋት ዞሬ ሰበሰብኳቸው። 34 ነበሩ። አንዱ ባለ ሱቅ «ተዪው፣ ይሸጣል» አለኝ። አልተውኩትም።

አዲሱን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ከላይ በአማርኛ ኮረሪማ፣ በትልቁ። ከሥሩ ያው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል። ከዚያ ሳይንሳዊ ስሙ፣ ሁለት «አር» ከዚያ አንድ። ከዚያ በትንሹ «ኢትዮጵያን ካርዳሞም»፣ በኤም። ከጀርባው «በከፋ የበቀለ፣ ከጎንደር ገበያ የተለቀመ» ይላል፤ ይህ ጆንያ የመጣው ከከፋ ነው፣ ሌላ ከመጣ ቃሉ ይለወጣል። አንድ መስመር ደግሞ ለስቶክሆልሟ እህቴ ስል ጨምሬያለሁ፦ «ይህ አረንጓዴው ሄል አይደለም፤ ለቅቤ፣ ለበርበሬና ለቡና ነው»።

ከማሳተሜ በፊት ጋሼ መምህር ያዩልኛል?

መምህር_ዘማራኪ

አየሁት። ንጹሕ ነው። እናትሽን ሰላም በዪልኝ።

የገበያው_ሰው

«በከፋ የበቀለ» ማለትሽ አኮራኝ። እናትሽን አውቃታለሁ፤ ሚዛኗ አይጎድልም።

ቅመም_ከጎንደር

አሁን ደግሞ ሌሎቹን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ነው። አብሹ ልክ ነው። ጥቁር አዝሙዱም ደህና ይመስለኛል። ነጭ አዝሙዱ ላይ ግን የጻፍኩት «ነጭ ከሙን» የሚል እንግሊዝኛ ነው። ጋሼ፣ ነጭ አዝሙድ ከሙን ነው እንዴ?

መምህር_ዘማራኪ

አይደለም ልጄ። ከሙን ሌላ፣ ነጭ አዝሙድ ሌላ። ህንዶች አጅዋይን ይሉታል፣ እንግሊዝኛውም ከእነሱ ወስዶ እንደዚያው ይለዋል። አጻጻፉ እሱም ሰው የሚስትበት ነው። ነገ ቅዳሜ አይደል? ገበያ ስወጣ በወረቀት ጽፌ ለእናትሽ እሰጣታለሁ። እሩብ ኪሎ ኮረሪማም አስቀምጪልኝ፣ ከማይንሿሿው።